ጢሙን ለሰው እጅ የሰጠበት ጠዋት

ፀጉር አስተካካዩ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን አዲስ ሱቅ ያይ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን አብሮት የሠራው ጓደኛው ዛሬ የራሱን ከፍቷል፤ እስከ ረፋዱ ግን አንድም ሰው አልገባለትም። "የቆጡን አወርድ ስትል የብብትህን እንዳትጥል" ብሎ ወሩን ሙሉ ወትውቶት ነበር። ማን ሰምቶት! መንገዱን ተሻገረና ባዶው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

"ደግሞ ልትመክረኝ መጣህ?" አለ ጓደኛው።

"እሱን ጨርሻለሁ። ይልቅ ጢሜን ላጨኝ።"

ጓደኛው ክው አለ። ይህን ጢም ከራሱ ከባለጢሙ በቀር ማንም ነክቶት እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ምላጩ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ጓደኛው እጁን መለስ አድርጎ በሩ ላይ ወደቆሙት አየ። ፀጉር አስተካካይ በሌላ ሰው ምላጭ ስር ሲቀመጥ ዓይኑን ከመስታወቱ አይነቅልም። እሱ ግን አገጩን ቀና አደረገና ሰው ሁሉ እያየው ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩ ረጋ ብሎ መውረድ ጀመረ።

"ቀጥሎ እኔ ነኝ!" አለ ከበሩ አንድ ሰው። በድምፁ ለየው፤ የራሱ የዘወትር ደንበኛ ነው።

"ወረፋህን ያዝ!" አለው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ሱቁን እሱ የከፈተው ይመስል።