ፕላሷ የሌለችበት መስመር

«አባዬ፣ እስቲ ይቺን መስመር እያት» እላለሁ፣ ከጎኑ ቆሜ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ እያዞርኩ።

መነጽሩን አስተካክሎ ይጠጋል። ከጠዋት ጀምሮ ፕሮግራም የሠራንለት ክሊኒክ የምርመራ ውጤት ለተረኛው ሐኪም ስልክ አልደረሰም፤ ሁለቴ ደውለው ጮኸውብናል። ፕሮግራሙን ትናንት የነካካው አባዬ ነው። ይህችን ጠባብ ቢሮ የከፈተው፣ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

መስመሯ ላይ፣ ቅንፍ ውስጥ፣ «ተረኛ» የሚል ስም አለ። በዚህ ስም ያስቀመጥነው የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ግን ክፉ አመል አለበት፤ ቅንፍ ውስጥ ካለ ስም ፊት የፕላስ ምልክት ካላደረጉለት፣ ስሙ የያዘውን ቁጥር ትቶ ፊደሎቹን ብቻ ይወስዳል። ፕሮግራሙም «ተረኛ» የሚባል ስልክ ሲፈልግ ዋለ። እንዲህ ያለ ስልክ ከየት ይምጣ!

ጀማሪ ሳለሁ እኔ ነበርኩ ይህን የምሳሳተው። አባዬ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ሰውዬውን ትተሽ በሩ ላይ ከተለጠፈው ስሙ ጋር ትጨባበጫለሽ?» ይለኝ ነበር።

«ምን ጎደላት?» እላለሁ፣ የምቀልድ ለመምሰል እየሞከርኩ።

«ምንም። ስሙ ይኸው አለ አይደል?»

«ስሙማ አለ።»

«ታዲያ?»

ሰሞኑን ሰበብ አጥቼለት አላውቅም። ወደ ቢሮ ሲመጣ መንገድ ሲስት፣ መንገዱን ቆፋፍረውት ነው አልኩ። አንዱን ጥያቄ ሲደጋግም ጆሮው ነው አልኩ። ለዚህች ግን የምለው የለኝም። አባዬ ይህችን በእንቅልፍ ልቡ እንኳ አይስታትም ነበር። እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም።

እጄን በትከሻው ላይ አሳልፌ ፕላሷን አስገባለሁ። የተጠራቀመው ውጤት ተራ በተራ መሄድ ይጀምራል።

«ተስተካከለ» እላለሁ።

ቀና ብሎ ያየኛል። ለአዲስ ደንበኛ የሚያሳየው ፊት ነው፣ ፈገግታውም ጨዋነቱም ያው። ብድግ ብሎ ወንበሩን ይለቅልኛል።

«አስቸገርንዎት፣ እመቤት። ይቀመጡ እንጂ! ልጄ አሁን ትመጣለች። እንዲህ ያለውን ነገር የምታውቀው እሷ ናት።»

እቀመጣለሁ። አንተ ልለው አልቻልኩም።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት?»

«እኔንማ ጥላኝ ሄዳለች!» ይላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከዚያ እጁን አጣምሮ፣ በሩን በሩን ያያል።