የጎራዴው አገር

ሴትዮዋ ወደ ሙዚየሙ ስትመጣ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። እግሯ ዝሏል፤ ልቧ ግን እንቢ ብሏል። ልመናዋ አንድ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ባለው ጎራዴ ሥር ሠሪው ሟች አባቷ መሆኑ እንዲጻፍ።

የጎራዴ አዋቂው አቶ መርዕድ በረጅሙ ተነፈሱ። «እናቴ፣ ብረቱ ላይ እንደ ውሃ የሚሞገደውን መስመር አዩት? የህንድና የፋርስ ጥበብ ነው። ይሄኛው መሰላል ስለሚመስል የፋርስ ነው። የኛ አገር ቀጥቃጭ ከማረሻ አያልፍም።»

«ቡዳ ስትሉን ኖራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ፋርስ አደረጋችሁን?» አለችና ከዘንቢሏ የሽንኩርት ቢላዋዋን አወጣች። «መስመሩ እንዲታይ ጎራዴውን የቀቡትን አሲድ እስቲ ይቺንም ይቀቧት።»

እየሳቁ ቀቧት። ብረቱ ጠቆር ሲል የውሃው ሞገድ ብቅ አለ፤ መሰላሉም ደረጃ በደረጃ ታየ።

አቶ መርዕድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከጎራዴው ሥር የሚቀመጠው ወረቀት ላይ «ፋርስ» የሚለውን ሰርዘው «የአባትዎ ስም ማን ነበር?» አሉ።

«ቢረሳው ጓንጉል።»

ጻፉ። «ቢላዋዋንም እሳቸው ናቸው የሠሯት?»

«እሱማ ከሞተ ሃያ ዓመቱ» አለች፣ ዘንቢሏን እያነሳች። «ይቺን የሠራኋት አምና ነው።»