ጳጉሜ ስድስት

ቁልፉ አይበራም። ማስተካከያውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፤ «አስገባ» የሚለው ቁልፍ ግን ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ከሥሩ «የጻፈው ሰው የራሱን ሥራ አያጸድቅም፤ ሌላ ሰው ያንብበው» ይላል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ድርብ ሰረዙ ሳይቀር የእኔ ነው።

ጠዋት ሲስተር ብርቅዬ ደውለውልኝ ነበር። የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዘውን ፕሮግራማችንን ከጤና ኬላዎቹ ሁሉ ቀድመው የሚሞክሩልን እሳቸው ናቸው።

«ፋሪዬ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ቀን መሆኗን ይሄ ነገራችሁ አያውቅም እንዴ?» አሉኝ። «ሐሙስ መምጣት ያለባትን እናት ዓርብ ነይ ይላታል። ዓርብ እኮ ክትባት የለም።»

«ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ ሲስተር።»

«አደራ። ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትመጣ አለች፤ አንዴ ከተመለሰች ደግማ አትመጣም።»

አዲሱ የፕሮግራሙ እትም አሥር ሰዓት ላይ ለኬላዎቹ ይላካል። አሁን ስምንት ተኩል ነው። ፕሮግራሙ በነፃ የተሠራ ነው፤ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው ይችላል። ማንም ግን አይከፍተውም። ሦስት ነበርን። ሔለን ሥራ በዛብኝ እያለች ቀስ በቀስ ጠፋች። ኤልናታን ግን ቀስ ብሎ አልሄደም።

ከሰባት ወር በፊት፣ እትም ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማስተካከያ ላከ። «በመጨረሻው ሳምንት ምንም ነገር አይገባም» አልኩት። አንዴ በጥድፊያ የገባ ነገር አርባ ኬላ ሥራ አስፈትቶብን ስለሚያውቅ ፈርቼ ነው። አልሰማኝም፤ ራሱ አጽድቆ አስገባው። ያኔ ቁልፉ ለሁላችንም ይበራ ነበር። እኔም ያስገባውን ሁሉም እያየ አወጣሁበት፣ «ሕግ ለሁሉም ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ቁልፉንም ቆለፍኩት። በማግስቱ ከቡድኑ ወጣ። ምን እንደላከ እንኳ አላነበብኩም።

ዛሬ እንዲያነብልኝ አራት ጊዜ ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ቀራንዮ ነው የሚኖረው፣ ከዚህ አንድ ታክሲ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተን ቤቱን አላውቀውም።

«ፋሪዳ፣ ሜትሩን» አሉ አጎቴ ሀያቱ ከባንኮኒው። የምሠራው ጦር ኃይሎች ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጬ ነው። ሜትሩን አቀበልኳቸው።

«ያ የነፃ ሥራ ነው ዛሬም?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ናችሁ አሁን?»

«ሁለት» አልኩ። ዋሸሁ።

«በርቱ» አሉና ጨርቃቸውን መለካት ቀጠሉ።

ሕጉን ማንሳት እችላለሁ። ኃላፊዋ እኔ ስለሆንኩ አንዲት ምልክት ባጠፋ ቁልፉ ይበራል። ማን ያየኛል? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም። የመጨረሻውን ሳምንት ሕግ እንደሆነ ጠዋት ለሲስተር ቃል ስገባ ጥሼዋለሁ። ጣቴ ምልክቷ ላይ ደርሶ ቆመ። ኤልናታን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን በሁላችን ፊት ነበር ያደረገው።

አውጥቼ የጣልኩትን ሥራውን ከፈትኩት። አካውንቱን አጥፍቷል፤ ፎቶው በነበረበት ቦታ ግራጫ ክብ አለ፣ ስሙ የለም። ሥራው ግን አለ፤ አሥራ አንድ መስመር ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ጳጉሜ ስድስትን አገኘኋት።

ከእኔው ጋር አስተያየሁት። የእኔ የሚያስተካክለው ከዛሬ በኋላ የሚያዙትን ቀጠሮዎች ብቻ ነው። የእሱ ቀድሞ የተያዙትንም ያርማል። አንብቤ ለመጨረስ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሞከርኩት፤ ይሠራል። አፈርኩ።

የራሴን ሰርዤ የእሱን መለስኩ። «አንብቤ አጽድቄያለሁ» የሚለውን ስነካ ቁልፉ አረንጓዴ ሆነ። የጻፈው ሌላ፣ ያነበበው ሌላ፤ ሕጉ የሚለው ይህንን ነው። አስገባሁትና ለሲስተር ብርቅዬ «ተስተካክሏል» ብዬ ላክሁ።

ገጹን ልዘጋ ስል፣ ሥራውን ባወጣሁበት ቀን የጻፈልኝን አየሁ። ሰባት ወር ሙሉ መልስ ሳያገኝ ተቀምጧል። «ፋሪዳ፣ ሕጉን ተይው አላልኩሽም። አንዴ ብቻ አንብቢው።»

እንደማይደርሰው አውቃለሁ። ከሥሩ «አነበብኩት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስልኬን አጠገቤ ባለው ጥቅል ጨርቅ ላይ፣ ሲበራ እንዳየው አድርጌ አስቀመጥኩት።