ልጄን የማስተምርበት መጽሐፍ

ባፍርበትም እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው የከበዳትን የሰባተኛ ክፍል ልጄን፣ ማህደርን፣ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ላስተምራት ቆረጥኩ። ከጓደኞቿ መለየቱ እያስለቀሳት ተከተለችኝ። መጽሐፍ ሻጩ ጋሽ ለገሠ ዘንድ በአንድ ጠዋት ሦስት መቶ መጽሐፍ ገለባብጬ፣ ጡብ የሚያህለውን መረጥኩ።

«የቤት ሥራዋ ሁሉ ዜሮ ነው» አልኳቸው። «እንደኔ ያለ ሊቅ ካልያዛት አይሆንላትም።»

ጋሽ ለገሠ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ገለጡና ጥያቄዎቹን አሠሯት። አንዱንም አልሳተችም።

«ታዲያ የቤት ሥራው ላይ ምን ነካሽ፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

ማህደር ቀና ብላ አላየችኝም።

«እሱን የሚሠራልኝ አባዬ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ ልሥራው ስለው እሺ አይለኝም።»