ሆ የሚለው ባለቤቱ ነው

ሃያ ሰው ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ የተቀመጠውን የሣር ጣሪያ በክፈፉ ዙሪያ ጨብጦታል። ጀለቢያቸውን ወገባቸው ላይ የሸጎጡ አሉ፤ ባለፈው ዓመት ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ሰፈሩ የገባው መምህር መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከትቷል። ያረጋል ክዳን በሌለው ጎጆው ውስጥ ቆሞ፣ ደረቱ ድረስ በሚደርሰው የጭቃ ግድግዳ ላይ አሻግሮ ያያቸዋል።

እሱ የለመነው አራት ሰው ብቻ ነበር፤ እነሱንም በየተራ፣ በጆሯቸው። ሰፈሩ ሁሉ አም ሉጥፊ የሚላቸው ጎረቤቱ ግን ዓርብ ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆመው፣ “የሐበሻው ጎጆ ነገ ይከደናል፤ ነፊር ነው” ብለው አወጁት። ነፊር እንደ አገር ቤት ደቦ ነው፤ የሰማ ይመጣል። መጣ።

ከገላባት በኩል ደመናው ጠቁሮ ቆሟል። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ግድግዳው ትናንት የተመረገ ነው፤ ክዳን ሳያገኝ ከዘነበበት የሁለት ወር ድካም ተመልሶ አፈር ይሆናል። ሚስቱ እየሩስና የስድስት ሳምንቷ ሃና ክረምቱን ላስቲክ ሥር ሊከርሙ ነው።

እዚህ አገር ጣሪያ መሬት ላይ ተሠርቶ ነው የሚነሣው። ተሸካሚዎቹን ሣሩ ስለሚጋርዳቸው የሚሄዱበትን አያዩም፤ የሚያየው ውስጥ የቆመው ባለቤቱ ነው። እሱ ያዛል፣ እነሱ ይሰማሉ።

ያረጋል ደግሞ አዝዞ አያውቅም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ድንበሩን ያሻገረው ሰው፣ “ገበያ ውስጥ ዝቅ አድርገህ ተናገር፤ አፍህ ያስይዝሃል” ብሎት ነበር። ዝቅ አደረገ። ሰሊጥ ሲያጭድ፣ ጡብ ሲሸከም፣ መታወቂያ ካገኘ በኋላም ቢሆን ድምፁ እዚያው ታች ቀረ። እየሩስ፣ “እሱ እሽ ሲላት ዶሮዋ እንኳ ዞር ብላ አታየውም” እያለች ትስቅበታለች።

“ዋሂድ፣ ትነይን…” ብሎ ቆጠረ።

የቀረቡት አነሡ። የራቁት አልሰሙም። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ተንጋደደና ከውስጡ አንድ ቀርከሃ ቀጭ አለ። ተጯጩኸው መልሰው አስቀመጡት።

“ያረጋል፣” አሉ አም ሉጥፊ በዐረብኛ፣ ላባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ “ምንድን ነው፣ ጣሪያውን እያስፈቀድከው ነው እንዴ?”

“እኔ እንኳ ‘ደህና ዋላችሁ’ ያለን መስሎኝ ‘ደህና’ ልለው ነበር” አለ መምህሩ። ሰዉ ሳቀ።

የያረጋል ጆሮ ጋለ። “አም ሉጥፊ፣ እባክዎ እርስዎ ሆ ይበሉልኝ።”

“ቤቱ የእኔ ነው?”

“አይደለም።”

“ነገ መንገደኛ ‘ይሄ የማን ጎጆ ነው?’ ቢለን፣ የሉጥፊ ነው ልንለው ነው? እኔ ሰው ቤት ገብቼ አላዝም።” ይህን ብለው ጎንበስ አሉና ክፈፉን መልሰው ያዙ።

ከያረጋል አጠገብ መኣሾ ባላ ይዞ ቆሟል፤ የጣሪያው አፍ ግድግዳውን ሲሻገር ከውስጥ ደግፎ የሚቀበለው እሱ ነው። ከትግራይ ተሰዶ አምስት ዓመት ካምፕ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። “ያረጋል ሓወይ፣ ወንድሜ፣” አለው ቀስ ብሎ፣ “የራሱ ቤት ያለው ሰው እንዴት እንደሚጮኽ ረስቼዋለሁ። እስቲ አሰማኝ።”

ሰማዩ አጉረመረመ። ያረጋል እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ዐረብኛው ጠፋው። ከደረቱ የወጣው፣ ጭልጋ ሳለ ከበሬ ኋላ ሆኖ ሸለቆ ማዶ ያሰማው የነበረ ድምፅ ነው።

“ያዝ! ሆ በል!”

“ሆ” አሉ ሃያዎቹ።

አማርኛ የሚያውቅ ከመካከላቸው ሦስት ቢገኝ ነው። ጣሪያው ግን ተነሣ። ሃና በእናቷ እቅፍ ባንና አለቀሰች፤ ከተወለደች ይህን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። “አባትሽ ነው፣ አባትሽ ነው” ትላታለች እየሩስ፤ የራሷም ዐይን ፈጧል።

“ሆ በል!”

“ሆ።”

ከሣሩ ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ባዶ እግር፣ ነጠላ ጫማ፣ ቦቲ። አርባ እግር ያበቀለ ጣሪያ ወደ ያረጋል ይራመዳል።

“ሽማል! ወደ ግራ በሉ! ኡስታዝ፣ የአንተ ጎን ወርዷል፣ ከፍ! መኣሾ፣ ባላህን አግባ!”

መምህሩ ከፍ አደረገ። መኣሾ ባላውን አገባ። የጣሪያው አፍ ግድግዳውን ተሻግሮ በያረጋል አናት ላይ አለፈ። ሰማዩ እየጠበበ ሄደ፤ ማጭድ አከለ፣ ከዚያ ክር አከለ። ጎጆው ውስጥ ደንገዝገዝ አለ። አዲስ ሣር፣ አዲስ ጭቃ ሸተተው።

ከግድግዳው ማዶ የሃያ ሰው ትንፋሽ ይሰማል።

“ያረጋል፣ ጣሪያው ገባ” አሉ አም ሉጥፊ። ድምፃቸው ከሸክሙ የተነሣ ይንቀጠቀጣል። “እንልቀቅ?”

በሌላ ቀን ቢሆን ጥያቄው ሳያልቅ “እሺ” ባለ ነበር። ቀና ብሎ አየ። በበሩ በኩል፣ ከግድግዳው በላይ፣ የጣት ስፋት ያህል ብርሃን ይታያል።

“ገና ነው፣” አለ። “አንድ ስንዝር ወደ በሩ።”

ጣሪያው አንድ ስንዝር ወደ በሩ ሄደ። ብርሃኑ ጠፋ። ያረጋል እጁን በክፈፉና በግድግዳው መካከል እያስኬደ፣ ሳይቸኩል፣ ቤቱን ዙሪያውን ዞረ። ዝናቡ ሣሩ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ውጭ ማንም አልለቀቀም።