የተሻገረ ጣዕም

በዚያ ዘመን በጽኑ የታመመ ልጅ የሚመገበው በእናቱ አፍ ነበር። እናት የበላችው ከክንዷ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ወደ ልጇ ደም ይሻገራል፤ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል። አንዴ የተሻገረ ጣዕም ግን ለእናትየዋ አይመለስም።

ትንግርት ይህን አውቃ ነው ለልጇ ለሶልያና ክንዷን የሰጠችው። ሐኪሟ ግን፣ «ይታገሱ። የልጅቷ ሰውነት ገና ከሕመሙ ጋር እየታገለ ነው፤ አሁን ምግብ ቢደርሰው ይጎዳታል» ስላለቻት በውሃ ብቻ ሰነበተች።

አማቷ እማማ ይመኙሻል ፍርፍር ይዘው መጡና ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ! ልጅቷ እኮ አጥንቷ ብቻ ቀረ።»

«እማማ፣ ገና ነው።»

«ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?»

ትንግርት ከንፈሯን ነከሰች። የቅቤው ሽታ እንደ ሕልም ፊቷ ላይ ያንዣብባል። የአማቷ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየና ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። አሮጊቷ ቅር ቢላቸውም በማግስቱም በሠልስቱም ፍርፍራቸውን ይዘው ከመምጣት አልቀሩም።

አንድ ማለዳ ሐኪሟ የልጅቷን ግንባር ዳብሳ ፈገግ አለች። «አሁን ይብሉ።»

እማማ ይመኙሻል ፍርፍሩን ጠቅልለው አጎረሷት። ትንግርት ጥጥ የምታላምጥ መሰላት። አልጋው ላይ ግን የትንሿ ሶልያና ከንፈር ተላወሰ፤ ዓይኗን ሳትገልጥም፣ «ጨው አነሰው» አለች።

አማቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። «እውነቷን ነው እንዴ?»

ትንግርት አላመጠች፤ ደግማ አላመጠች።

«እሷ ካለች ነው፣ እማማ። ከእንግዲህ ጨው የምትቀምስልኝ እሷ ናት።»