የመስመሩ ተራ

ኑ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ በሉና ልንገራችሁ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ይማርሽ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የብረት ሳጥን ከፍታ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። የሆስፒታላችንን ኢንተርኔት ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ስዊች ይሉታል። እኔ ዘበኛው አጠገቧ ቆሜያለሁ። ማዋለጃ ክፍል ውባንተ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ደሴ ያሉት ስፔሻሊስት የእኛን ዶክተር፣ ኢያቄምን፣ በቪዲዮ ይመሩታል።

«አልሰማሁም! ይድገሙልኝ!» ይላል ዶክተሩ፤ ድምፁ እኛ ድረስ ይመጣል።

«መስመሩ ጠባብ ነው፣ አያ አረጋ» ትለኛለች ይማርሽ። «ጠዋት ለየክፍሉ ተራ ሰጥቼ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ።»

«ማንን አስቀደምሽ?»

«የኃላፊውን ቢሮ። ቀጥሎ አስተዳደሩን፣ ከዚያ ፋይናንስን...»

«እንደ ድግስ አቀማመጥ?»

«ታዲያ አለቃን ከኋላ ላሰልፍ?»

የኃላፊው የአቶ ደሳለ በር ገርበብ ብሏል። ኮምፒውተራቸው ላይ የገነተ ማርያም ክብረ በዓል በቀጥታ ይተላለፋል፤ ከበሮው ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት» እላታለሁ፣ «የአራስ ቤት እህል ሲመጣ የቄሱም ስልቻ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ የሚያደርጉት ራሳቸው ቄሱ ናቸው።»

«ቢቆጡኝስ? ኮንትራቴ ገና አልታደሰም።»

«በራቸው ላይ እኔ እቆማለሁ። መቆም እንደሆነ ሥራዬ ነው።»

ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፤ አልሆነላትም። ትጽፋለች። ማዋለጃ አንደኛ። የኃላፊው ቢሮ መጨረሻ።

ከበሮው ቀጥ ይላል።

አቶ ደሳለ ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጣሉ። «ይማርሽ! ታቦቱ ሊገባ ሲል ትቆርጪብኛለሽ?»

ገና አፏን ሳትከፍት ከማዋለጃ ክፍል የዶክተሩ ድምፅ ይመጣል። «አዎ፣ አሁን ሰማሁዎት! እዚያው ላይ ላጥብቅ? እሺ... እሺ...»

ሦስታችንም ወደ ማዋለጃው በር እንዞራለን። ብዙ እንቆያለን።

«ቀነሰ» ይላል ዶክተሩ። «ደሙ ቀነሰ።»

አቶ ደሳለ ወደ ቢሯቸው ዘወር ይላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉ ቆሞ፣ የታቦቱ ጃንጥላ ዘንበል እንዳለች ደርቃ ቀርታለች።

«መስመሩን ልመልሰው ጌታዬ?» ትላቸዋለች ይማርሽ።

«ጃንጥላዋ እዚያው ትቁም» ይሉና፣ እናንተ የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላሉ።

አደራ ልጆቼ፣ ለሰው ተራ ስትሰጡ ያችን ዘንበል ብላ የቆመች ጃንጥላ አስታውሱልኝ።